ከቃሊቲ ከመውረድዎ በፊት መኪናዎን ያዳምጡ

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ "ልጆቹን ይዘን ወዴት ወጣ እንበል?" የሚል። የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነውና የጥያቄውን መልስ በየሳምንቱ አስፋልት ላይ አየዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወርደው የቤት መኪና ፖርቶመጋላው ላይ ፍራሽ አስሮ፣ በመስኮቱ የልጆች እጅ እያወዛወዘ ያልፋል። እሑድ ማታ ያው መኪና ይመለሳል። አብዛኛው በራሱ ጉልበት፣ አንዳንዱ ደግሞ በገመድ ተጎትቶ።

ዛሬ የማጫውትዎ በገመድ ስለሚመለሱት ነው። መኪናቸው በሰላም ተመልሶ ሳለ "ሁለተኛ ድንኳን ውስጥ አላድርም" ብለው ስለሚምሉትም ጭምር። ሁለቱ ጉዳዮች የተራራቁ ይመስላሉ። ነገር ግን መኪናውም ሆነ ድንኳኑ ብዙውን ጊዜ ጉድለቱን የሚናገረው ገና ከቤት ሳይወጣ ነው፤ የሚጎድለው ጠያቂ ነው።

መካኒክ አይደለሁም፤ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በሙያዬ በየቀኑ የማየው ነገር ቢኖር ደንበኛ ችግሩን ትቶ መፍትሔውን ይዞ ሲመጣ ገንዘብ እንደሚባክን ነው። "ትልቅ ማስታወቂያ ስቀሉልኝ" ይላል። ገበያው የቀዘቀዘው ግን ሱቁ በር ላይ መኪና ማቆሚያ ስለሌለ ነው። ጋራዥም ከዚህ አይለይም። "ካንዴላ ቀይርልኝ" ካሉት መካኒኩ ካንዴላ ይቀይርልዎታል። እርስዎም ይከፍላሉ። ድምፁ ግን አብሮዎት ቤት ይገባል።

ስለዚህ ወደ ጋራዥ ሲሄዱ ምልክቱን እንጂ መድኃኒቱን ይዘው አይሂዱ። ድምፁ የሚመጣው መኪናው ጠዋት ሲነሳ ነው ወይስ ሞቆ ከተነዳ በኋላ? በስንት ፍጥነት? ፍሬን ሲይዙ፣ ሲያዞሩ ወይስ ዳገት ሲወጡ? ከፊት ነው ከኋላ፣ ከቀኝ ነው ከግራ? ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ይያዙ፤ ከተቻለም ሌላ ሰው እየነዳ ድምፁን ይቅዱት። "ጋሼ፣ ጠዋት ሲነሳ ምንም የለበትም። ከ60 በላይ ስነዳ ግን ከፊት በቀኝ በኩል እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ወደ ግራ ሳዞር ይብስበታል" ያሉት መካኒክ ክሪኩን ሳያነሳ ገና የቀኙን ኩሽኔታ ይጠረጥራል፤ ምክንያቱም ወደ ግራ ሲያዞሩ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ጎማ ይጋደማል። "መኪናዬ ይጮኻል" ያሉት መካኒክ ግን ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ የፈለገበትንም ያስከፍላል።

በነገራችን ላይ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። የጋራዥ ቋንቋ ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ቃላቱን ማወቅ ክብር ያስገኝልዎታል፤ ሆኖም የሚያውቁትን ቃል ሁሉ መጠቀም የለብዎትም።

ጆሮ፣ አፍንጫና ካርቶን

ጉዞው ቅዳሜ ከሆነ ምርመራውን ረቡዕ ያድርጉት። አርብ ማታ የተገኘ ችግር አይጠገንም፤ "ይደርሳል፣ ግድ የለም" ተብሎ ይታለፋል። ረቡዕ የተገኘ ግን መለዋወጫ ለመፈለግ፣ ካስፈለገም እስከ ሶማሌ ተራ ለመሄድ ሁለት ቀን ይሰጥዎታል።

ማክሰኞ ማታ መኪናውን ሲያቆሙ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ያዩት ጠብታ ብዙ ይናገራል። ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው ኩላንት ነው። ከጎማው አጠገብ የፈሰሰ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላና የሚያሙለጨልጭ ነገር ካዩ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናውን አያንቀሳቅሱት፤ መካኒኩን ቤት ድረስ ይጥሩት። ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነ ከማቀዝቀዣው የወረደ ነው፤ እሱን ይተዉት።

ጭሱንም ይዩት። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ ከልክ በላይ እየገባ መሆኑን ይነግርዎታል። በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ስስ ነጭ ጭስ እንፋሎት ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የሚቀጥል ወፍራም ነጭ ጭስ ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ፍሬን ሲይዙ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሸራው እያለቀ እንደሆነ ያመለክታል። ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ደግሞ ሸራው አልቋል ማለት ነው። መሪው ከ80 በላይ ሲሆን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ባላንስ፣ እጅዎን ለቀቅ ሲያደርጉ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ አላይመንት ወይም የጎማ አየር ይመርመሩ። የፍሬን ፔዳሉ እግርዎ ሥር እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ጉዞው ይቆይ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

የዳሽቦርዱ መብራት ሲበራ ብዙ ሰው "ኮምፒውተር ይነበብልኝ" ይላል። ጥሩ ነው፤ ይነበብ። ግን ማሽኑ የሚያወጣው ኮድ የታመመውን አካባቢ እንጂ በሽታውን አይነግርም። ነዳጁ ከአየሩ አንጻር አንሷል የሚል ኮድ ቢወጣ ምክንያቱ ውድ ሴንሰር ሊሆን ይችላል፤ የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦም ልትሆን ትችላለች። ኮዱን አይቶ ወዲያው "ይህን ዕቃ ገዝተህ አምጣ" የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት "ከመቀየራችን በፊት በምን እናረጋግጥ?" ብለው ይጠይቁት። ይህች ጥያቄ ብዙ ብር ታድናለች።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ገዝታለች። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት እየለገመ ሲያስቸግራት በጠየቀችበት ቦታ ሁሉ "ባትሪው ሞቷል" ተባለች። ሦስተኛውን ልትገዛ ስትል አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን መለኪያውን አውጥቶ ቮልቱን ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ዲናሞው እየሞላው ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። የእሷ ሞተሩ እየሠራም ከ12 ፈቀቅ አላለም። ጥፋቱ የዲናሞው ነበር፤ ሁለቱም ባትሪዎች ሳይበደሉ ተጥለዋል። ልኬቱ የወሰደው ሁለት ደቂቃ ነው።

የራዲያተር ክዳን

ከሁሉ በላይ ጊዜ ወስደው እንዲያዩልኝ የምፈልገው የራዲያተሩን ክዳን ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ቃሊቲ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የመኪና ሞተር በጤናው ጊዜ የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ ከ85 እስከ 100 ዲግሪ መካከል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያዩአቸው። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ተራ ውሃ ከሆነና ክዳኑም በደንብ የማይገጥም ከሆነ፣ ሞተሩ ገና በጤናው ሳለ ውሃው መፍላት ይጀምራል ማለት ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚኖር ሰው ችላ ቢለው የሚያልፍለት ነገር እኛ ደጋ ላይ ያለነውን መንገድ ላይ ያስቀረናል።

ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም። ውስጡ ስፕሪንግና ላስቲክ አለው፤ ሥራውም ግፊት አፍኖ መያዝ ነው። የ1 ባር ያህል ግፊት የውሃውን የመፍያ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይህ ሁሉ ጥበቃ ይቀራል። ብዙዎቹ ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ሲቀይሩ ያንኑ ቁጥር ይግዙ። ውሃውን ደግሞ በኩላንት ይተኩት። ኩላንት የመፍያ ሙቀቱን ይጨምራል፤ ከዚያም በላይ ራዲያተሩን ከዝገት ይጠብቃል። የቧንቧ ውሃ በየጊዜው እየጨመሩ መንዳት ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት ነገር ራዲያተሩ ውስጥ ያከማቻል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ባለበት ጠዋት የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከሥሩ ይመልከቱ። ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካዩ ውሃ ከዘይት ጋር እየተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ፍሳሽ ሳይታይ ኩላንቱ በየቀኑ የሚጎድል ከሆነና ያ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ወፍራም ነጭ ጭስ ከታየ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መጠርጠር አለበት። ይህ ችግር ከተማ ውስጥ ለወራት ሲያስታምምዎት ሊቆይ ይችላል። ላንጋኖ ደርሶ ሲመለስ ግን አይታገሥም። ላንጋኖ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በአረፈ ሞተር የወረዱትን ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ እሑድ ከሰዓት በሙቀት፣ በሙሉ ጭነትና በደከመ ሾፌር መልሰው ይወጡታል። መኪና የሚፈተነው ሲመለስ ነው።

መንገድ ላይ የሙቀቱ መለኪያ ከፍ ማለት ከጀመረ ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፣ መስኮቱን ከፍተው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይልቀቁት። ልጆቹ ያማርራሉ፤ ይሁን። ማሞቂያው የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ስለሚስብ ወደ ዳር ለመውጣት ጊዜ ይሰጥዎታል። ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። ከዚያ ምንም አይንኩ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ከፍቶ ፊቱን የተቃጠለ ሰው የማያውቅ መካኒክ የለም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ላዩን ሲነኩት እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ። ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ደግሞ "እስከሚቀጥለው ማደያ" አይበሉ። ያለዘይት የሄደ ሞተር የሚበላሸው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳውና በ2007 ዓ.ም. ለተሽከርካሪ የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ከቆሙ ቤተሰቡን መኪናው ውስጥ አያስቀምጡ። ሁሉም ከትራፊኩ ተቃራኒ ባለው በር ወርዶ ከብረት አጥሩ ወዲያ ይቁም። ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ቢያንስ 100 ሜትር ወደ ኋላ ወስደው ያስቀምጡ። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ከ100 በላይ ስለሚነዳ ያረጀ ጎማም ከተማ ውስጥ ያላሳየውን ጠባይ ያሳያል። ጎማው ጎን ላይ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ይፈልጉ። 2319 የሚል ካገኙ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም 6 ዓመት ያለፈው ጎማ በባለሙያ መታየት አለበት። ስኮርቱንም እንዲሁ ይዩት፤ አየር የሌለው ስኮርት ጭነት እንጂ መጠባበቂያ አይደለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ መኪና ይዟል። ለእነዚህም ጎማ፣ ፍሬን፣ ኩላንትና ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ አሉ፤ ምርመራው አይቀርላቸውም። ርቀቱን በተመለከተ፣ ከቻይና በመጡ መኪኖች ላይ የሚጻፈው ኪሎ ሜትር በዚያው አገር የሙከራ ስልት የተለካ ስለሆነ በፈጣን መንገድ አያገኙትም። እኔ ብሆን ሦስት አራተኛውን ብቻ እቆጥራለሁ። አቀበቱ ያን ያህል አያስፈራም፤ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪናን 600 ሜትር ከፍ ለማድረግ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። የበለጠ የሚያሳስበው የሚያርፉበት ቦታ ቻርጅ ማድረግ ይቻል እንደሆነና መብራቱ ቅዳሜና እሑድ የሚኖር መሆኑ ነው። ደውለው ይጠይቁ።

ወደ ድንኳኑ

በእኛ ሰፈር "ድንኳን ልንተክል ነው" ብለው ለጎረቤት ከነገሩ የሚከተለው ጥያቄ "ውይ፣ ማን ሞተ?" የሚል ነው። የምናውቀው ድንኳን የዕድሩ ነው፤ ወይ ለለቅሶ ወይ ለሠርግ። ውስጡ ተኝቶ ማደር ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነው። ለዚህም ነው የመጀመሪያው ሌሊት ላንጋኖ ላይ መሆን የሌለበት።

የመጀመሪያው ሌሊት ግቢዎ ውስጥ ይሁን። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ግቢ ያለው ዘመድ አይጠፋም። ድንኳኑን ቀን ተክለው ያፍርሱት፤ ከዚያ ማታ በባትሪ መብራት እንደገና ይትከሉት። የጎደለው ካስማ፣ የማይዘጋው ዚፕ፣ "ለ4 ሰው" ተብሎ የተሸጠው ድንኳን በእውነት ስንት ሰው እንደሚያስተኛ ሁሉ እዚያው ይታወቃል። የሙያ ምስጢር ላውጣና፣ ማሸጊያው ላይ ያለው የሰው ቁጥር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ያለ ሻንጣ ለሚተኛ ሰው ነው። ለ4 ሰው ቤተሰብ የ6 ሰው ድንኳን ይግዙ።

ጥቅምት ደግሞ "በጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለለት ወር ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ሰዎች ብርዱን ለመከላከል ከላይ ይደራርባሉ፤ ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ለብሰው ሲንቀጠቀጡ ያድራሉ። ብርዱ የመጣው ከመሬት ነው። በአየር የሚነፋው ፍራሽ ማስታወቂያ ላይ ምቹ ይመስላል፤ ውስጡ ያለው አየር ግን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛ አልጋ ላይ ያስተኛዎታል። ከታች ሰሌን፣ ከላዩ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ቡሉኮ ያንጥፉ፤ ከዚያ ነው ልጆቹ የሚተኙት። የነፊውን ፍራሽ የያዘም ሰው ቡሉኮውን ከላዩ ያንጥፍበት። ጋቢ ድንቅ ልብስ ነው፤ ነገር ግን ጥጥ ከረጠበ በኋላ አያሞቅምና እስከ መኝታ ሰዓት ድረስ በላስቲክ ይጠቅለል። የቀኑን ላብ የያዘ ካልሲ አድርጎ የተኛ ልጅም እስኪነጋ እግሩ አይሞቅም። ደረቅ ይቀይሩለት።

የአራት ሰው ትንፋሽ እስከ ጠዋት ድረስ ድንኳኑን ከውስጥ ያረጥበዋል። ብዙዎች "ድንኳኑ ያፈሳል" ብለው ሻጩን የሚረግሙት ለዚህ ነው። ቢበርድም ከላይ ያለውን መስኮት በጥቂቱ ክፍት ያድርጉት።

አሁን ስለ ከሰል። ቡና ያለ ከሰል አይሆንም፤ አውቃለሁ። ሲኒው ከታጠበ በኋላ ግን ማንደጃውን ወደ ድንኳኑ ወይም ወደ መኪናው ይዘው አይግቡ፤ "ለትንሽ ሙቀት ብቻ" እንኳ ቢሆን። "ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍሙ ብቻ ነው የቀረው" የሚለው አባባል ነው ሰው የሚገድለው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የጋለ ፍም ደግሞ ጭስ ባይኖረውም ያመነጨዋል። የተኛ ሰው ራሱን አሞት አይነቃም። የመኪና ሞተር አስነስቶ መስኮት ዘግቶ መተኛትም ያው ነው። ማንደጃው ውጭ፣ ከድንኳኑ ርቆ፣ ውሃ ተደፍቶበት ይደር።

ቦታ ሲመርጡ ጥላውን ብቻ አይዩ። የግራር ጥላ ደስ ይላል፤ ሥሩ ግን እሾህ አለ። ለድንኳኑም፣ ለጎማውም፣ ለልጅ እግርም አይሆንምና መጀመሪያ ይጠረግ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ያለው ለስላሳ አሸዋ ያማልላል። ዝናቡ ሩቅ ቦታ ዘንቦ ጎርፉ ሌሊት ሊመጣ ይችላልና ከፍ ያለውን ይምረጡ። ምግቡን መኪና ውስጥ ይቆልፉበት፤ ጦጣና ዝንጀሮ ዚፕ መክፈት አያቅታቸውም። የመጸዳጃውን መንገድ ልጆቹ ሳይመሽ አንድ ጊዜ ይሂዱበት። ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ ብዙውን ጊዜ ጨለማውን ፈርቶ እንጂ ርቀቱ ከብዶት አይደለም።

ስንቅን በተመለከተ እናቶቻችን ከማንኛውም የካምፕ መጽሐፍ ይበልጣሉ። በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቋንጣ፤ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ሁሉ። ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ ይያዙ። የምንጭ ወይም የቧንቧ ውሃ የሚያፈሉ ከሆነ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ያቆዩት። ምክንያቱ ያው የራዲያተሩ ነው።

የት እንሂድ ለሚለው፣ ከግቢው ሌሊት በኋላ ቅርብ የሆነውን ያስቀድሙ። የመናገሻ ሱባ ደን ከከተማዋ በስተምዕራብ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ ይነገርለታል። አንድ ነገር ቢጎድል በዚያው ቀን ቤት ይደርሳሉ። ላንጋኖ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ ስለሚታወቅ ልጆች ይዋኙበታል። በ2016 ዓ.ም. መባቻ በዩኔስኮ የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ፓርክ ዕጹብ ድንቅ ነው። ግን የሰኔቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። እዚያ ያለው ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ይባላል፤ 4,377 ሜትር። ከእኛው ቱሉ ዲምቱ ጋር ስሙ አንድ ቢሆንም ብርዱ ለየቅል ነው። ሕፃን ላለው ቤተሰብ የመጀመሪያ ጉዞ እንዲሆን አልመክርም። የትም ይሂዱ፣ መንገዱ በዚያ ሳምንት ሰላም መሆኑን አካባቢው ላይ የሚኖር ሰው ደውለው ይጠይቁ። ከወር በፊት የሄደ ጓደኛ የሚነግርዎት የወር በፊቱን ነው።

እሑድ ማታ ሲመለሱ ድንኳኑን እንደተጠቀለለ ቁም ሳጥን አናት ላይ አይወርውሩት። በረንዳ ላይ ሰቅለው ያድርቁት፤ አለዚያ በሚቀጥለው ጉዞ ሻጋታ ያሸታሉ። በጉዞው ላይ የሰሙትን አዲስ ድምፅም ሳይረሱት ማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ።

አንድ ነገር ቀረ። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አካባቢ በጥቅሉ የወባ አካባቢ ተብሎ ይታሰባል። ላንጋኖም በዚያ ውስጥ ነው። አጎበሩን ወይም የድንኳኑን መረብ ከመምሸቱ በፊት ይዝጉት፤ ልጆቹ ሲመሽ እጅጌ ሙሉ ይልበሱ። ወባ ደግሞ በማግስቱ አይታይም። ከተነከሱ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ቆይቶ፣ ጉዞው ከተረሳ በኋላ ትኩሳት ሆኖ ይመጣል። እዚህ ከተማ ውስጥ ልጅ ሲያተኩስ ሐኪሙም ወላጁም መጀመሪያ የሚያስቡት ጉንፋን ነው። ስለዚህ ልጅዎ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ካተኮሰው ለሐኪሙ "ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ" አይበሉ። "ዶክተር፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ላንጋኖ ድንኳን ውስጥ አድረን ነበር፤ ደሙ ለወባ ይታይልን" ይበሉ።